ካርቱኑን አትክሰሱት

ባለፈው ጥር ልጄ የሚማርበት መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶን ነበር። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጋቢያችንን ደርበን፣ በልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀምጠናል። እንግዳ ተናጋሪ ተጋብዘው ነበርና ተነሡ። ንግግር ያውቁበታል። «ልጆቻችሁን እያሳደገ ያለው ካርቱን ነው» አሉን። «ካርቱን ያደነዝዛል፣ ካርቱን ባህል ያጠፋል፣ ካርቱን አፍ ያስራል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ዝጉት!» ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ከጎኔ የነበረችው እናት በአንድ እጇ ጭኗን እየመታች አጨበጨበች፤ ሌላው እጇ ሥራ ላይ ነበር። ያቀፈችው ሕፃን እንዳያለቅስባት ስልክ ይዛለት ነበር። ስልኩ ላይ የሚሮጠው ካርቱን ነው።

ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ግን አፈርኩ። እኔም እኮ ከእሷ የተሻልኩ አይደለሁም። ያን ቀን ማጨብጨብ አልነበረብኝም፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን ጭብጨባዬን ለመመለስ ነው።

ነጥቤን ከወዲሁ ልናገር። ካርቱን ልጅ ያስተምራል። ግን ብቻውን አያስተምርም፤ አጠገቡ «ምን ሆነ?» የሚል ሰው ይፈልጋል። ያ ሰውና ልጁ ደግሞ የሚግባቡበት ቋንቋ ያስፈልጋቸዋል። እኛ ጠያቂውንም ቋንቋውንም ከልጁ ነጥቀን ስናበቃ ጥፋቱን በሙሉ ካርቱኑ ላይ እንከምራለን።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ኑዛዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ልጆች ተረትና ምሳሌ ሳስተምር እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ የሚታረም ደብተር ይጠብቀኛል፣ እራት ይጠብቀኛል፣ ባለቤቴ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ስልኩን ሰጠሁት። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት። ዝም አለልኝ። ሦስት ዓመት ሲያልፈው በእንግሊዝኛ እስከ 20 ይቆጥራል፣ ቀለማቱን አንድ በአንድ ይጠራል፣ «ኤ ፎር አፕል» ይላል። ጎረቤት «ጎበዝ! ፈረንጅ ሆነልሽ እኮ» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ።

በ2015 ዓ.ም. ለገና እናቴ ዘንድ አንኮበር ወሰድኩት። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ዳር ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ። አንዱ ትልቅ ወንድ ጋማውን ነፋስ እየበተነው ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጧል። ልጄ በመስኮት እያመለከተ «ላየን! ላየን!» ብሎ ጮኸ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እንዴት ይወቅ? አንበሳን ስልክ ላይ መቶ ጊዜ አይቶታል። ጭላዳ ግን እሱ በሚያያቸው ካርቱኖች ውስጥ የለም፤ አያቱ አገር ያለ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን እናቴ ባናዋን አለበሰችውና «ተረት ተረት!» አለችው። ዝም። «ተረት ተረት!» ደገመች። ልጄ ዞሮ እኔን አየኝ። እዚያ ቤት ውስጥ «የላም በረት» ሳይል ያደገ ልጅ የለም፤ እኔም እዚያው ምድጃ ዳር ነው ስመልስ ያደግሁት። የአማርኛ መምህሯ ልጅ ግን መልሱን አያውቀውም። እናቴ አልተቆጣችም። እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ «ልጅሽ አፍ አለው። ከማን ጋር እንደሚያወራ ግን እንጃ።»

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ልጅና ስለ ካርቱን ሲከራከር ጆሮዬን አቆማለሁ። ሁለት ወገን ነው ያለው። አንደኛው የስብሰባችን እንግዳ ወገን ነው፤ ካርቱን መርዝ ነው ይላል። ሁለተኛው የእኔ የድሮው ወገን ነው፤ ካርቱን አስተማሪ ነው፣ ልጄ ያለ ክፍያ እንግሊዝኛ ለመደልኝ ይላል። የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ስህተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ልጁንና መስታወቱን ብቻ ነው የሚያዩት። አንዱ መስታወቱ ያበላሸዋል ይላል፣ ሌላው መስታወቱ ያሠለጥነዋል ይላል። በሁለቱም ክርክር ውስጥ እናት የለችም፣ አባት የለም፣ አያት የለችም።

ሰው መኖሩና አለመኖሩ የሚያመጣው ልዩነት ደግሞ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ዘጠኝ ወር የሆናቸውን አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይናውን ማንዳሪን ቋንቋ አሰሟቸው። ለአንዱ ቡድን የቋንቋው ተናጋሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አነበቡለት፣ በመጫወቻ አጫወቱት። ሌላው ቡድን ያንኑ በቪዲዮ አየ። ሰው ያጫወታቸው ሕፃናት የማንዳሪንን ድምፆች መለየት ቻሉ። በቪዲዮ ያዩት ግን ማንዳሪን ጭራሽ ሰምተው ከማያውቁት አልተሻሉም። ያው ቋንቋ፣ ያው ንባብ ነው፤ የጎደለው አጠገባቸው ያለ ሰው ነው። እንግዲህ እኔ ለሁለት ዓመት ላልሞላ ልጅ ስልክ ሰጥቼ «ቋንቋ እየለመደ ነው» ስል ራሴን ነበር የማታልለው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ይመረጣል ብሏል።

ለዝጉት ባዮች ግን እዚህ ላይ ማጨብጨቢያ የለም። ልጁ ሦስት ዓመት ሲያልፈው ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው «ሰሳሚ ስትሪት» ከመነሻው የተሠራው ድሃ ቤት ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ከሌላው እኩል እንዲሆን ነው፤ ፊደልና ቁጥርም አስተምሯል። በ1996 የመጣው «ብሉዝ ክሉዝ» ደግሞ ሁለት ብልሃት ነበረው። አንደኛ፣ አቅራቢው ልጁን ይጠይቅና መልስ እስኪመጣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ በጅምሩ አንዱን ክፍል አምስት ቀን በተከታታይ ያሳይ ነበር። ትልቅ ሰው ይሰለቻል፤ ልጅ ግን አይሰለችም። ተመራማሪዎች ሲያዩት ልጆቹ በድጋሚው እየገባቸው ሄዱ፣ ለጥያቄውም ጮክ ብለው መመለስ ጀመሩ።

ካርቱን ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 60 የአራት ዓመት ልጆችን በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን እጅግ ፈጣን የሆነውን «ስፖንጅ ቦብ» ዘጠኝ ደቂቃ አየ፣ አንዱ ረጋ ያለ ካርቱን አየ፣ አንዱ ሥዕል ሣለ። ወዲያው ሲፈተኑ ፈጣኑን ያዩት ልጆች ትኩረትና ትዕግሥት በሚጠይቁ ሥራዎች ከሌሎቹ አነሱ። የተለካው ወዲያውኑ ስለሆነ «ለዕድሜ ልክ ያደነዝዛል» ለማለት አይበቃም። ረጋ ያለውን ያዩት ግን ሥዕል ከሣሉት አለማነሳቸውን ልብ በሉ። ስለዚህ «ካርቱን ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መጠየቅ «ምግብ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» እንደ ማለት ነው። የትኛው? በስንት ዓመቱ? ከማን ጋር?

«ከማን ጋር?» የሚለውን ያስተማረኝ ግን ጥናት አይደለም። እናቴ ናት።

በ2015 ሐምሌ እናቴ ለዓይን ሞራ ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን መጣች። ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በክልላችን ግጭቱ በረታ፣ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መንገድ ተዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሕክምናው ተላለፈ፣ እናቴም ወደ አንኮበር መመለሻ አጣች። ልጄ ስልኩን ይነካካል፣ ዩቲዩብ አይከፈትም። ለሁለት ቀን አለቀሰ። ስልኩ ላይ ቀደም ብዬ ያወረድኳቸው ሦስት ቪዲዮዎች ብቻ ነበሩ፦ አንድ የቶምና ጄሪ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን፣ አንድ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»። ሌላ ስላጣ እነዚያኑ ሦስቱን ጠዋት ማታ ይደጋግማቸው ጀመር።

እናቴ አጠገቡ ትቀመጣለች። ዓይኗ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ድምፁን ትሰማለች፣ የልጁን ሳቅ ትሰማለች፤ ምን እንዳሳቀው ግን አታይም። ሰው ናትና ጠየቀች።

«ምን ሆነ?»

«ወደቀ።»

«ማን?»

«ካት።»

«ካት ማነው ደግሞ?»

ልጄ ግራ ገባው። በጣቱ ስልኩን ነካ። እሷ አታይም። እጁን አንሥቶ በጉንጩ ላይ ጢም ሠራ፣ «ሚያው» አለ። «እ፣ ድመት! ለምን ወደቀ?» ረጅም ዝምታ። እኔ ጓዳ ሆኜ ደብተር አርማለሁ፤ እስክርቢቶዬን አስቀመጥኩ። «አይጥ... ገመድ... ስለሳበችው» አለ።

ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። እኔ ግን ሰዋስው ነው የማስተምረው፤ ያ ልጅ በአፉ «ስለ» ብሎ ምክንያት ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው፣ የመጀመሪያ ጊዜዬ። አራት ዓመቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ ስም ይጠራል፣ ቁጥር ይቆጥራል፣ «ስጪኝ» ይላል። አንድን ነገር ከሌላው ጋር አያይዞ «ይህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» ለማለት ግን ምክንያቱ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረውም። እኔ ማየት እችላለሁ፣ ስለዚህ አልጠየቅሁትም። እናቴ ማየት ስላልቻለች ጠየቀችው።

እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ዓለም የሚስቅበት ቶምና ጄሪ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። «ዱላና ጩኸት ብቻ፣ ምን ያስተምራል?» ይሉታል። ንግግር ስለሌለው እኮ ነው ለአያትና ለልጅ ልጅ የተመቸው! ንግግሩን ራሳቸው ሞሉት። የፊደል ዘፈኑ ግን ምንም አላወጣም። እናቴ «አሁንስ ምን ሆነ?» ስትለው ልጄ ትንሽ አስቦ «ምንም» አለ። እውነቱን ነው፤ እዚያ ውስጥ ምንም አይሆንም። እኔ «ትምህርታዊ» ብዬ የመረጥኩለት ያንን ነበር።

ፀሐይን ደግሞ እዩአት። ፀሐይ ቀጭኔ ናት። እናቴ በዕድሜዋ ቀጭኔ አይታ አታውቅም። «ቀጭኔ ምን ትመስላለች?» አለችው። «አንገቷ ረጅም ነው።» «እንደ ምሰሶ?» «ምሰሶ ምንድን ነው?» እጁን ይዛ እየዳበሰች በረንዳ አወጣችውና ምሰሶውን አስነካችው። ምሰሶ የሚባለውን ቃል ከቀጭኔ ተማረ። ካርቱኑ ምሰሶ አላስተማረውም። ካርቱኑ ሁለቱ የሚያወሩበት ነገር ሰጣቸው፤ የቀረውን እነሱ ሠሩት።

መልስ የሚሰጡኝ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

የመጀመሪያዎቹ «ተረታችን ይበቃናል፣ ስክሪን ምን አመጣው?» ይላሉ። እነዚህን አባባ ተስፋዬን አስታውሳቸዋለሁ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የነገሩት በስክሪን ነው። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ትውልድ ተረቱን ከምድጃ ዳር ብቻ አልነበረም የሰማው፤ ጎረቤት ቤት በር ላይ ተኮልኩሎ፣ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎም ነው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ መልሰንላቸዋል። ለምን ሠራ? በምናውቀው ቋንቋ ስላናገሩን፣ መልሳችንንም ስለጠበቁ ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ ቤት ሮጠን ለእናታችን መልሰን ነግረናል። በተረቱስ ቀበሮና ጅብ ይናገሩ የለም እንዴ? የሚናገር እንስሳ ካርቱን ያመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም። ተረት የሚጀመረው በጥያቄና መልስ ነው፤ ልጁ «የላም በረት» ካላለ ተረቱ አይቀጥልም። ቅድመ አያቶቻችን «ብሉዝ ክሉዝ» ሳይመጣ በፊት ልጅ መልስ ካልሰጠ እንደማይማር አውቀውት ነበር።

ሁለተኛዎቹ «ጊዜ የለንም» ይላሉ። እነዚህን አልነቅፍም፤ እኔም ከእነሱ ነኝ። ስብሰባው ላይ ከጎኔ የነበረችውን እናት «ዝጊው» ማለት ቀላል ነው። ከዘጋችው በኋላ ልጁን ማን ይይዝላታል? የፋብሪካ ፈረቃ አያት አያመጣም፣ ሞግዚት አይቀጥርም። የማይፈጸም ምክር መስጠት ደግሞ ጥቅሙ አንድ ነው፤ መካሪውን ንጹሕ ያደርጋል፣ እናትን በደለኛ። ስለዚህ እኔ የምለው «ዝጉት» አይደለም። ሽንኩርቱን እየከተፋችሁ «ምን ሆነ?» በሉት። ስልኩን አታዩ፣ ጀርባችሁን ስጡት፣ ልጁ ይንገራችሁ። «ማን? ለምን? ከዚያስ?» በሉት፣ መልሱንም ጠብቁ። አሥር ደቂቃ ናት። ያችን ታህል ጊዜ እኔም ነበረኝ። አልዋሽም፣ ነበረኝ።

እናትን ይህን ያህል ከጠየቅን ደግሞ ከእናት በላይ አቅም ያላቸውን እንጠይቅ።

መጀመሪያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችን። በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲከፈት የውጭ አገር ድራማ በአማርኛ አናግሮ አገሩን በሙሉ ሶፋ ላይ አስቀመጠ። የቱርክ ባልና ሚስት ጭቅጭቅን ጥርት ባለ አማርኛ ማናገር ከቻልን፣ ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን ረጋ ያለ ካርቱን ማናገር እንዴት አቃተን? ሙያው አለ፣ ድምፁ አለ፣ ስቱዲዮው አለ። የጎደለው ልጅን እንደ ተመልካች መቁጠር ነው።

አይቻልም የሚል ካለ ፀሐይ ምስክር ናት። ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረቱ፤ በቀጣዩ ዓመት ፀሐይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ2010 ብሩክታዊት የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አገኘች። «ፀሐይ እኮ አሻንጉሊት ናት እንጂ ካርቱን አይደለችም» የሚለኝ ይኖር ይሆናል፤ ልጄን ጠይቁት፣ ልዩነቱ ግድ አይሰጠውም። እጅ መታጠብን፣ ፊደልን፣ ጓደኛ መሆንን በአማርኛ የምታስተምር ቀጭኔ ከአንዲት መምህርትና ከባለቤቷ ጥረት ከተወለደች፣ ባለ ብዙ ሚሊዮን ጣቢያዎች ምን ሠርተው አሳዩን? ለምን ዛሬም ምሳሌ ስንጠራ ደጋግመን የምንጠራት እሷኑ ሆነ? ከአንኮበር ገደል ወጥቶ የሚያወራ ጭላዳ የሚሥልልን አንድ ሠዓሊ ይጠፋል?

ቀጥሎ ኬጂዎቻችንን። የ1994ቱ እ.ኤ.አ. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ካለ 30 ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን ልጅ በአማርኛ ሲመልስ «ኖ አምሃሪክ!» የሚሉ መዋዕለ ሕፃናት አሉ። ወላጅም ለዚያ ነው የሚከፍለው። ከዚያ የወላጅ ስብሰባ ይጠራና «ካርቱን ባህል አጠፋ» ይባላል! ካርቱኑስ እንግሊዝኛ የሚናገረው አማርኛ ስላልተማረ ነው። ልጁን በአማርኛ ስላወራ የሚቆጣው ሰው ግን አማርኛ ተናጋሪ ነው።

እንግሊዝኛ አይማር አላልኩም። ይማር፣ ያስፈልገዋል። ግን በመጀመሪያ «ስለ» የሚልበት፣ «ለምን» ሲባል የሚመልስበት አንድ ቋንቋ ይኑረው። እሱ ካለው በእሱ ላይ ሌላውን ይደርብበታል።

እናቴ በኋላ ታክማ አንድ ዓይኗ በራ። ቤታችን ኢንተርኔትም ተመለሰ። የሚገርማችሁ፣ ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ዓይኗ ካየ መጠየቋን ትተዋለች ብዬ። አልተወችም፤ ለምዶባታል። እሱም ሳይጠየቅ መንገር ለምዶበታል። ባለፈው አንኮበር ስንሄድ ጭላዳዎቹን ሲያይ «ላየን» አላለም። «እማማ፣ ጭላዳው ለምን ጋማ አለው?» አላት። እሷም አላወቀችውም፣ እኔም አላወቅሁትም።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ እጄን አወጣለሁ። እንግዳው ዳግመኛ «ዝጉት» ካሉ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትናንት ማታ ልጆችዎ ያዩትን ነግረውዎታል? ጠይቀዋቸዋል?»